ከአብጃታ ሻላ የሚወጣው አሸዋ ምን ይዞ ይሄዳል?

[ምስል፦ በዶማና በአካፋ የተቆረጠ የአሸዋ ግድግዳ። አናቱ ላይ አንድ ግራር ቆሟል።]

እዚህ ግድግዳ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከላይ የምታዩት ጠቆር ያለ መስመር ሣር የሚያበቅለው አፈር ነው። ስንዝር ቢሆን ነው። ከሱ በታች ያለው ሁሉ አሸዋና ጥንት ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ነው። እንደ ገመድ የተንጠለጠሉት ደግሞ የግራሩ ሥሮች ናቸው። ዛፉን በመጥረቢያ የነካው የለም፤ ግን የቆመበት መሬት ተወስዷል። አንድ ጠንካራ ዝናብ ይበቃዋል።

ያለነው ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው በአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስፋቱ 887 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ሲከለል ከግማሽ በላዩ ውሃ ነበር። የተከለለውም በዋናነት ለውሃ ወፎች ተብሎ ነው።

[ምስል፦ አሸዋ የሚጭኑ ወጣቶች፣ ፊታቸው ሳይታይ።]

ከዚህ ፓርክ አሸዋ እየተዛቀ ለግንባታ ይጫናል። የሚዝቁት አብዛኞቹ ሌላ ሥራ ያላገኙ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውለው በሚያገኙት ገንዘብ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። ስለዚህ ጣታችንን እነሱ ላይ ቀስረን ብንሄድ ግፍ ነው። አሸዋው የሚፈለገው ከተማ ውስጥ ነው፤ እኔና እናንተ የምንኖርበት ቤት ግድግዳ ውስጥ።

«አንድ ቢያጆ አሸዋ ምን ይጎዳል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። መልሱ ያለው መሬቱ ውስጥ ነው። ይህ አፈር ልል ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ ራሱን አይይዝም። ጉድጓዱ ዳር ይናዳል፣ ዝናብ ሲመጣ ቦይ ያወጣል፣ ቦዩ እየሰፋ ጭነት መኪና ያልደረሰበትን ሣርና ቁጥቋጦ ሳይቀር ይበላል። ጎርፉ የጠረገው ደለልም ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይወርዳል። መኪናው ራሱ ደግሞ በየጊዜው አዲስ መንገድ ያወጣል። በዚያ መንገድ ማግስቱን ከሰል ጫኝ ይገባበታል።

[ምስል፦ የአብጃታ ዳርቻ። ነጭ፣ የተሰነጣጠቀ መሬት እስከ ሩቅ።]

አሁን የቆምንበት ቦታ በአንድ ወቅት ውሃ ነበር። አብጃታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ በሆራ ከሎ በኩል የሚመጣለትን ይቀበላል፤ የሚወጣለት በትነት ብቻ ነበር። በ1980ዎቹ ግን የሶዳ አሽ ማምረቻ ሥራ ጀመረ። ሶዳ አሽ ለመስታወትና ለሳሙና ኢንዱስትሪ የሚውል ማዕድን ነው። አወጣጡ ቀላል ነው፦ የሐይቁ ውሃ በፓምፕ ወደ ሰፋፊ ገንዳዎች ይገባል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ የቀረው ይሰበሰባል። ውሃው አይመለስም።

ጥፋቱን ሁሉ ፋብሪካው ላይ መጫን ግን ትክክል አይሆንም። ከላይ ዝዋይና ቡልቡላ ዳር ለመስኖ የሚጠለፈው ውሃ ድርሻው ከባድ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። መስኖው ለብቻው፣ ሶዳው ለብቻው፣ አሸዋው ለብቻው፣ ከሰሉም ለብቻው ሲታይ እያንዳንዱ «የኔ ትንሽ ናት» ማለት ይችላል። ሐይቁ ግን የሚቀበለው ድምራቸውን ነው።

[ምስል፦ ከሻላ ደሴት የሚነሱ ፔሊካኖች።]

ድምሩን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነዚህ ወፎች ናቸው። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ደሴቶቹ ሰውም አውሬም በቀላሉ ስለማይደርስባቸው ለጎጆ ይመቻሉ። ምግብ የሚሆን ዓሣ ግን ሻላ ውስጥ እምብዛም የለም። ስለዚህ ፔሊካኖቹ ሻላ ላይ ይፈለፍላሉ፣ በመሀል ያለውን የፊቄን ተራራ ተሻግረው አብጃታ ላይ ቆሮሶ ያጠምዱ ነበር። አብጃታ እየሸሸ ጨዋማነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። ጎጆው ቢኖርም ጓዳው ባዶ ሆነ።

[ምስል፦ የፓርኩ ካርታ።]

ታዲያ ምን እንጠይቅ? የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ፕሮጀክት ሳይጀመር በፊት እንዲገመገም ያዛል፤ የግምገማው ሰነድም ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ይላል። በፓርክ ውስጥ ወይም አጠገብ ካባ ሲከፈት፣ አሸዋ ሲወጣ፣ ያንን ሰነድ አሳዩን ማለት መብታችን ነው። ሰነዱ እጃችን ሲገባም ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደሆነ የሚናገረውን ገጽ ብቻ አንብበን አንለፈው። ጉድጓዱን ማን፣ መቼ፣ በማን ወጪ መልሶ እንደሚሞላው እንፈልግ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ እንፈልግ። ከሁሉ በፊት ደግሞ በዚያው ሐይቅ ላይ ከዚህ ቀደም የተፈቀዱት ሥራዎች አንድ ላይ ተደምረው መቆጠራቸውን፣ የሚዝቁት ልጆችም ሥራው ሲቆም ወዴት እንደሚሄዱ መጻፉን እንይ።