ፉርጎው ምን ቀለም ነበር? የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ስልኩን ያጨናነቁት ሞዴል ባቡር የሚሠሩ አድማጮች ናቸው። ሁሉም የድሮውን ቀለም ልክ ማግኘት ይፈልጋሉ። የቀለም ባለሙያችን የሰጡት መልስ እነሆ። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከአዲስ አበባ፦ ጋሼ፣ የለገሃሩን ባቡር ተሳፋሪ ፉርጎ በ1፡87 (ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሼ) እየሠራሁ ነው። ቀለሙ ምን ነበር?

የየትኛው ዓመት? ይኸው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፣ እኔም ሁልጊዜ በጥያቄ እመልሳለሁ። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1902 ነው። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917። ከዚያ የጣሊያን ወረራ አለ፣ ከዚያ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ዘመን አለ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የፍራንኮ-ኢትዮጵያ የነበረው ኩባንያ የኢትዮ-ጅቡቲ ሆነ። አንድ ፉርጎ በዕድሜው ስንት ጊዜ እንደሚቀባ አስበው። ስለዚህ «የለገሃር ባቡር ቀለም» ብሎ ነገር የለም። የአንድ ዓመት ቀለም ነው ያለው። መጀመሪያ ዓመቱን ቁረጥ፣ ፎቶና የጥገና ወረቀት የምትፈልገው ከዚያ በኋላ ነው።

ሳልረሳው፦ መስመሩ አንድ ሜትር ስፋት ነበረው። በ1፡87 ስትሠራ ሐዲድህ 12 ሚሊሜትር ነው የሚሆነው። በተለመደው የ16.5 ሚሊሜትር ሞዴል ሐዲድ ላይ ካቆምከው ቀለሙ ቢሳካም ባቡሩ የሌላ አገር ነው።

ከዱባይ፦ አሮጌ ፖስትካርድ ገዛሁ። ባቡሩ አረንጓዴ ነው። ልመነው?

አትመኚው። የዚያን ዘመን ባለቀለም ፖስትካርዶች አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሆነው ተነስተው በኋላ ቀለም የተጨመረባቸው ናቸው። ቀቢው ብዙ ጊዜ ቦታውን በዓይኑ አላየውም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የፔንሲልቬንያ ባቡር ፉርጎ እየሠራሁ ነው። ቀይ ነው ይባላል፣ በ1910 አካባቢ በተነሳው ፎቶ ላይ ግን ጥቁር ነው።

ፎቶው ነው ያታለለህ። ያኔ በብዛት የነበረው ፊልም ቀይ ብርሃንን አያይም ነበር። ሰማያዊን ወደ ነጭ ይወስደዋል፣ ቀይንና ቡናማን ወደ ጥቁር። የፔንሲልቬንያ ተሳፋሪ ፉርጎ ቱስካን ሬድ የሚባለው ጥልቅ ቀይ ቡናማ ነው፤ በዚያ ፊልም ላይ ጥቁር ቢመስል አይገርምም። ዘዴው ቀላል ነው። በዚያው ፎቶ ውስጥ ቀለሙን በእርግጠኝነት የምታውቀው ነገር ፈልግ። ባንዲራ ካለ ተገላገልክ። ቀዩ ጠቁሮ ከታየህ ፊልሙ ዓይነ ስውር ነው ማለት ነው፣ ፉርጎውንም በዚያ ሚዛን ታነበዋለህ።

ከአዳማ፦ የአባቴ የ1970ዎቹ ባለቀለም ፎቶ ሮዝ ሮዝ ብሏል። በስልክ አፕ ላስተካክለው?

ለግድግዳ ከሆነ አስተካክይው። ለሞዴል አይሆንም። በወረቀቱ ላይ ያለው ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ቀድሞ ስለሚደበዝዝ ነው ቀዩ ብቻውን የቀረው። አፑ የጠፋውን አያመጣም፣ ይገምታል። ኮዳክሮም የሚባለው ባለቀለም ስላይድ ፊልም ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ከቆየ የተሻለ ምስክር ነው። ስልክ አይታመንም ስል ትሰለቻላችሁ፣ እኔም ማለቴን አልተውም።

ከድሬዳዋ፦ ጋሼ፣ የቆመ አሮጌ ፉርጎ አግኝተን በብርጭቆ ወረቀት እየፋቅን ነው። ከሥሩ ደማቅ ብርቱካንማ ወጣ። የመጀመሪያ ቀለሙ እሱ ነው? ልጄም እያገዘችኝ ነው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን ጣል። ልጅቷን እጇን በሳሙና አስታጥባት፣ ልብሷንም ቀይርላት። መልሱን ከዚያ ትሰማለህ።

ያ ብርቱካንማ የፉርጎው ቀለም አይደለም። ሚኒየም የሚባለው የድሮ ፀረ-ዝገት ቅብ ይመስለኛል፣ ሚኒየም ደግሞ ከሊድ፣ ከመርዛማው እርሳስ ብረት፣ የተሠራ ነው። በዚያ ዘመን ነጩ ዘይት ቀለም ውስጥ ሊድ አለ፣ ደማቁ ቢጫ ውስጥም አለ። ግድግዳ ላይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ብዙ አይጎዳም። ስትፍቀው ግን አቧራ ይሆናል። አቧራው አይሸትም፣ አያስነጥስም። እጅ ላይ ያርፋል፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል፣ በልብስና በጫማ ቤት ይገባል። ሕፃን ላይ የአእምሮ እድገትን ይጎዳል፤ ለልጅ «ይህን ያህል ችግር የለውም» የሚባል መጠን አልተገኘም። የጨርቅ ማስክ ይህን አቧራ አያቆምም። በመጥረጊያ መጥረግ መልሶ ያስነሳዋል፣ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ጥረግና ጨርቁን ጣለው። በእሳት ወይም በሙቅ አየር ልላጠው እንዳትል፣ ጭሱ ደግሞ የባሰ ነው። አገራችን በ2018 የሊድ ቀለምን የሚቆጣጠር ደንብ አውጥታለች፣ ግን ደንቡ ድሮ የተቀባውን ፉርጎ ከላዩ አያጥብልህም።

ሰው ይህን ምክር ስሰጥ «እኛ ስንት ዓመት ፍቀናል፣ ምን ሆንን?» ይለኛል። ምን እንደሆናችሁ በደም ምርመራ ነው የሚታወቀው፣ በመስታወት አይደለም።

ደግሞ ሥራውም አያዋጣም። በመፋቅ ብዙዎች ያገኙት የሥር ቅቡን ነው። ከዚያ ሞዴሉን ብርቱካንማ ቀብተው «ምርምር አደረግሁ» ይላሉ። ፉርጎውም ቅርስ ነው፣ ባለቤት አለው፣ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቅ። ፈቃድ ካገኘህ ፀሐይ ያልነካውን ቦታ ፈልግ፦ የበር መዝጊያው ውስጠኛ ጎን፣ ከማጠፊያው ጀርባ፣ የቁጥር ሰሌዳ የነበረበት ቦታ። የቀለም ካታሎግ፣ ራል ወይም መንሴል፣ ይዘህ በጥላ ውስጥ አጠገቡ አስጠጋ። ቁጥሩን ጻፍ። ካታሎጉን ከቀለሙ ጎን አድርገህ ፎቶ አንሳ። አለቀ፣ አንድ ቅንጣት አልተነሳም። ንብርብሩን የግድ ማየት ካስፈለገ የቅርስ ጥገና ባለሙያ የመርፌ ጫፍ የምታህል ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። የእሱ ሥራ ነው፣ ያንተ አይደለም።

ነገ ልጅቷን ሐኪም ዘንድ ውሰዳትና የደም ሊድ ምርመራ ይታዘዝላት። አንተም ተመርመር።

ከፍራንክፈርት፦ የ1910 የዋጎን-ሊ (የአውሮፓው የመኝታ ፉርጎ ኩባንያ) መኝታ ፉርጎ ሰማያዊ ቀባሁ። ወርቃማው መስመር ስንት ሚሊሜትር ይሁን?

ዓመቱን! ሰማያዊው የመጣው በ1922 ከብረት ፉርጎዎቹ ጋር ነው። በ1910 ቫርኒሽ የተቀባ የቲክ እንጨት ነበር። መስመሩን ተወውና ቀለሙን አንሳ።

ከለገሃር አካባቢ፦ አያቴ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ጥቁር አረንጓዴ ነበር ይላሉ። የሽማግሌ ቃል ማስረጃ ይሆናል?

ይሆናል፣ አጠያየቁን ካወቅሽበት። ፎቶ አታሳዪያቸው፣ «አረንጓዴ ነበር አይደል?» ብለሽም አትምሪያቸው። የቀለም ካታሎጉን ስጪያቸውና ራሳቸው ይጠቁሙ። በሌላ ቀን ደግመሽ ጠይቂያቸው፤ ያንኑ ከጠቆሙ ጻፊው። «በ62 ነው» ካሉሽ በእኛ አቆጣጠር ነው። ከፎቶው ጀርባ በፈረንሳይኛ የተጻፈው ደግሞ በፈረንጅ። በሰባትና ስምንት ዓመት ልዩነት ሁለት እውነተኛ ምስክሮች ሲጣሉ ብዙ አይቻለሁ።

ከአትላንታ፦ ትክክለኛውን የቀለም ኮድ አግኝቼ ቀባሁ። ሞዴሉ ግን ጠቆረብኝ።

እውነተኛው ፉርጎ ፀሐይ ላይ ነበር፣ ያንተ ሳሎን ውስጥ ነው። ደግሞ ትንሽ ነገር ላይ ቀለም ይከብዳል። ጥቂት ፈዛዛ ግራጫ ጨምርበት። የምትቀባበትና ሞዴሉን የምታሳይበት አምፖል አንድ ዓይነት ይሁን። መጠኑ ላይ ሠሪዎች ይከራከራሉ፤ እኔ ለዓይን እተወዋለሁ።

ከሐዋሳ፦ ጋራዥ ያሉ ልጆች የመኪና ቀለም ከነማጠንከሪያው አዋህደውልኝ መኝታ ቤት ውስጥ በኮምፕሬሰር ረጨሁት። ቀለሙ ልክ መጣ። ግን ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ደረቴን ያፍነኛል።

ማጠንከሪያው ውስጥ ኢሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። አስም ያስይዛል፣ አንዴ ከያዘህ ትንሹም ይቀሰቅሰዋል። መስኮት መክፈት አይበቃም፣ ዳግም እንዳትረጭ። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ለሞዴል ይበቃል። አሁን ግን ቀለሙን ተወውና ሐኪም ዘንድ ሂድ። የማጠንከሪያውን ቆርቆሮ ጽሑፍ ፎቶ አንሥተህ አሳያቸው።