የተበላሸችዋ መስመር

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ አዲሶቹ ቪዲዮዎች ላወራ ነበር የተዘጋጀሁት። ግን የቅዳሜው ነገር ከውስጤ አልወጣ አለ፤ እሱን ሳልናገር ሌላ ማውራት አልቻልኩም።

ኮምቦልቻ፣ ፎቁ አናት ላይ ነን። ሊመሽ ነው፣ ሙቀቱ ግን ገና አልበረደም። ሬዲዮ የማስተምራቸው ስድስቱም ልጆች አሉ። አንቴናው ባለ ቢጫ ጫማው እጅ ነው፤ እሱን መቼም ታውቁታላችሁ። ምስል በሬዲዮ የሚልክልን የጠፈር ጣቢያ ከተራራው በላይ ብቅ ሲል ሬዲዮኑ 145.8 ሜጋኸርዝ ላይ ማፏጨት ጀመረ። ፉጨቱን ወደ ምስል የሚቀይረውን ስልክ ድምፁ አጠገብ አስጠጋነው። ምስሉ ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። አንዱ ምስል 2 ደቂቃ ይፈጃል። ማንም አይተነፍስም።

ልጁ ግን አንቴናውን ያጣምመዋል። ወደ ጎን ያጋድመዋል፣ ያቆመዋል፣ እንደገና ያጋድመዋል። የሚጫወት መሰለኝ። «ቀጥ አድርገህ ያዝ» አልኩት። ሁለተኛ ልለው ስል እጄ ቀደመኝ። ነጠቅኩት። ቀጥ አድርጌ ያዝኩት፤ ድምፁ ጠፋ።

«እሺ ጋሼ» አለና እጁን ኪሱ ከተተ።

ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። ያወቅኩት ማታ ቪዲዮውን ልቆራርጥ ስቀመጥ ነው። አንዷ ልጅ ለሚቀጥለው ትምህርት ስትቀርፅ ነበር። ደጋግሜ አየሁት፣ አስራ ምናምን ጊዜ። እሱ አንቴናውን ባጋደመ ቁጥር ፉጨቱ ይጠራል፤ ሲደክም ደግሞ ያዞረዋል፣ እንደገና ይጠራል። በጆሮው እየተከተለ ነበር እኮ! ከላይ የሚመጣው ሞገድ አንዴ ቆሞ አንዴ ተጋድሞ ነው የሚደርሰን፤ ጣቢያው ሲያልፍ ይቀያየራል፣ በመንገዱም ላይ ይጠማዘዛል። ይሄንን ገና ወደፊት ላስተምራቸው ያዘጋጀሁት ነው። እሱ ሳይነገረው በእጁ አገኘው። ከዚያ የእኔ እጅ ከጎን ገባ።

ታስታውሳላችሁ፣ መጀመሪያ በጠመኔ ነበር የማስተምረው። 300ን፣ የሞገዱን ፍጥነት በሚሊዮን ሜትር በሰከንድ፣ በ145.8 ስናካፍል 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ገደማ፣ የሞገዱ ርዝመት እሱ ነው፣ ጻፉ እላቸዋለሁ። ይጽፋሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ግማሹ አይመጣም። ያቺን ቢጫ የአናጢ ሜትር 1 ሜትር ገደማ፣ የሞገዱን ግማሽ፣ ቆርጠን አንቴና እንድትሆነን ቱቦ ላይ ስናስራት ነው ነገሩ የተለወጠው። ቀለሟን በብርጭቆ ወረቀት ካልፋቋት ብየዳው እንደማይዝ ማንም አልነገራቸውም፤ ሁለቴ ሲላቀቅባቸው ራሳቸው ደረሱበት። ቪዲዮዎቹንም 3 ደቂቃ ያደረግኳቸው፣ በዜንደር ከስልክ ስልክ ተቀባብለው ቤት እያዩ፣ ቅዳሜ ወሬውን ትተን በእጃችን እንድንሠራ ብዬ ነው። በእጃችሁ እያልኩ... በእጃችሁ ሞክሩ እያልኩ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ደግሞ ያ ጣቢያ አናታችን ላይ ሲሆን ከፍታው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና አዲስ አበባ ከመሄድ ብዙም አይበልጥም። ይሄን ስነግራቸው ያሳዩት ፊት! ለዚያ ፊት ስል ነው ከደሴ በየሳምንቱ ያን ጠመዝማዛ የምወርደው፣ በጉሙም በዝናቡም።

ምናልባት አጋንኜው ይሆናል። ልጅ ነው፣ ረስቶት ይሆናል። እናቴ ትናንት «አብሽር፣ ልጅ ቂም አይዝም» ብላኛለች። ግን እኔ ራሴ በዚያ ዕድሜዬ አንድ ሰው ከእጄ የነጠቀኝን መፍቻ እስከዛሬ አልረሳሁም። እና እንዴት ብዬ...

ምስሉ ስልኬ ላይ አለ። ላዩም ታቹም ንጹሕ ነው። መሃሉ ላይ አንድ ጣት የምታህል የተዝረከረከች መስመር አለች፤ እኔ የያዝኩበት ሰዓት ናት። ልጆቹ አሳትመን ግድግዳው ላይ እንለጥፈው እያሉ ነው። ቪዲዮውን ደግሞ እጄን ቆርጬ ላውጣው ወይስ እንዳለ ልላክላቸው፣ አልወሰንኩም። ብቆርጠው እሱ ያገኘው ነገር ብቻ ይታያል፣ ጥሩ ትምህርት ይሆናል። ግን እሱ መቆረጡን ያውቃል።

ከጣቢያው ምስል የሚልኩት ለጥቂት ቀን ነው፤ ለዚህ ቅዳሜ አይደርስም። ሌላ እስኪልኩ መጠበቅ ነው። አንቴናውን በሩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፣ ማንም እንዳይነካው ብዬ። ከመጣ እሰጠዋለሁ። ምን ብዬ እንደምሰጠው ነው እንጂ...