እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ፦ ስለ ጂኒ ስፕሪንግስ የተደረገ ውይይት

ሜሮን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ባለፈው ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ ስናወራ ዮናስ አንድ ጨዋታ ጀምሮ ሰዓት አልበቃንም ነበር። ዛሬ እሱን እንጨርሳለን። ዮኒ፣ እንኳን በሰላም መጣህ።

ዮናስ፦ እንኳን ደህና ቆየሽኝ። ትናንት ማታ ነው የገባሁት። ሰሜን ፍሎሪዳ ነበርኩ፣ ሃይ ስፕሪንግስ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ። ሳንታ ፌ ወንዝ ዳር ጂኒ ስፕሪንግስ የሚባል ቦታ አለ። የግል ይዞታ ነው፤ ከፍለሽ ትገቢያለሽ፣ ድንኳን ትተክያለሽ፣ ትዋኛለሽ። ከስሩ ግን ውሃ የሞላው ዋሻ አለ፤ ዓለም ላይ ብዙ የዋሻ ጠላቂ ከሚመላለስባቸው አንዱ ነው።

ሜሮን፦ ስሙን መጀመሪያ ስትነግረኝ ደንግጬ ነበር። ጂኒ! እናቴ ቀትር ላይ ወንዝ ዳር እንዳልሄድ የምትከለክለኝ "ጂኒ አለበት" እያለች ነበር።

ዮናስ፦ እዚያው ግቢ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ምንጮች ስማቸው ከዚህም ይከፋል። ዴቭልስ አይ፣ ዴቭልስ ኢር፣ ሊትል ዴቭል ይሏቸዋል። የሰይጣን ዓይን፣ የሰይጣን ጆሮ፣ ትንሹ ሰይጣን ማለት ነው። እኛ አገር ምንጭ ሲፈልቅ የማርያም፣ የሚካኤል ብለን ጠበል እናደርገዋለን። ግን ውሃውን ስታዪው ስሙን ትረሺዋለሽ። ክረምት ከበጋ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በብርድ ጠዋት ላዩ ላይ እንፋሎት ይነሳል። ጥራቱ ደግሞ ብርጭቆ ውስጥ የምታዪው ይመስላል። ልጆች ጎማ ላይ ተኝተው ሲንሳፈፉ ጥላቸው ታች አሸዋው ላይ ይሄዳል፤ እኔ ከስር ሆኜ አየዋለሁ።

ሜሮን፦ ውሃው ከየት መጥቶ ነው እንዲህ የጠራው?

ዮናስ፦ አንቺ ሶፍ ዑመር ያየሽው ነገር ነው። የኖራ ድንጋይ። ዝናቡ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል፣ ትንሽ አሲድ ይሆናል፣ በስንጥቁ እየገባ ድንጋዩን በረጅም ዘመን ያሟሟዋል። ፍሎሪዳ ከስሯ ስፖንጅ ናት ማለት ይቻላል፤ ከ1,000 በላይ ምንጮች አሏት። ራሱ ሳንታ ፌ ወንዝ ኦሌኖ የሚባለው ፓርክ ውስጥ መሬት ውስጥ ይሰምጥና 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንደገና ይወጣል።

ሜሮን፦ እንደ ሶፍ ዑመሩ ወይብ ወንዝ!

ዮናስ፦ እንደ ወይብ። ልዩነቱ ወይብ ዋሻው ውስጥ ሲሄድ ከላዩ አየር አለ፤ አንቺ አጠገቡ መሄድ ትችያለሽ።

ሜሮን፦ ለማያውቁት፣ ሶፍ ዑመር ባሌ ውስጥ ነው፣ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኔ ስገባ ወንዙን ደጋግመን ተሻግረናል፤ አስጎብኚያችን የአገሩ ልጅ ነበር፣ ድንጋዩን በእጁ እየዳሰሰ ነበር የሚመራን። ባትሪያችንን አጥፍተን ቆመን ስናዳምጥ ውሃው ከየት በኩል እንደሚጮህ መለየት አልቻልኩም። ያኔም ቢሆን ግን መተንፈስ አልከበደኝም። አንድ ነገር ቢደርስ ቁጭ ብዬ ሰው መጠበቅ እችል ነበር።

ዮናስ፦ ዋናው ልዩነት እሱ ነው። ውሃ ውስጥ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም። ቀና ብለሽ መውጣትም የለም፣ ከላይሽ ጣሪያ ነው። መውጫሽ የገባሽበት በር ብቻ ነው።

ሜሮን፦ ታዲያ ያን ያህል ሕዝብ የሚዋኝበት ቦታ ሰው ሳያውቅ አይገባም?

ዮናስ፦ ይገባ ነበር፤ ገብቶም ብዙ ሰው ሞቷል። "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" የምንለውን እዚያ ነው የገባኝ። የሚያስፈራ ነገር ቢኖረው ሰው ይመለስ ነበር። የጂኒን ምንጭ እዪው፤ አፉ ሰፊ ነው፣ ውስጡ ቦልሩም የሚሉት አዳራሽ አለ፣ ብርሃኑ እስከ ውስጥ ይከተልሻል። መጨረሻው ላይ ዋሻው ይጠብና ይጨልማል። ባለቤቶቹ እዚያ ላይ በብረት ፍርግርግ ዘጉት። ውሃው በፍርግርጉ በኩል ሲወጣ እንዴት እንደሚገፋ! ብረቱን በሁለት እጄ ስይዝ እግሬ ወደ ኋላ ተነስቶ እንደ ባንዲራ ተውለበለብኩ። ያ ፍርግርግ ስላለ ነው ተራ ጠላቂ እንኳ ባትሪ ይዞ አዳራሹ ውስጥ እንዲገባ የሚፈቀድለት።

ሜሮን፦ በሰይጣን ጆሮ በኩልስ?

ዮናስ፦ እዚያ ፍርግርግ የለም፣ ዋሻው ክፍት ነው። ስለዚህ ደንቡ ይለያል፤ የዋሻ ሥልጠና የሌለው ሰው ባትሪ ይዞ እንዲገባ አይፈቀድለትም።

ሜሮን፦ ቆይ፣ ባትሪ መያዝ ደህንነት አይደለም እንዴ?

ዮናስ፦ እኔም መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። ባትሪ ከሌለሽ ጨለማው ራሱ ይመልስሻል። ባትሪ ካለሽ ግን "ትንሽ ልይ፣ እዚያች ጥግ ድረስ ብቻ" ትያለሽ። ከዚያ ጥግ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥግ አለ።

ሜሮን፦ አንተ ብለህ ታውቃለህ?

ዮናስ፦ ልል ነበር። ሥልጠናውን ሳልጀምር፣ ሌላ ምንጭ ላይ ነው። አንድ ልምድ ያለው ሰው "መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ከኋላዬ ብቻ ና" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ተከተልኩት። በሩ ላይ ምልክቱ አለ። አይተሽው ይሆናል፣ ሞት ማጭድ ይዞ የቆመበት ሥዕል። ቁም፣ ከዚህ አትለፍ ይላል። ከ300 በላይ ጠላቂዎች፣ አሠልጣኞች ጭምር፣ በእንዲህ ዓይነት ዋሻ ሞተዋል ይላል። አሠልጣኞች የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ። ሰውየው ዘወር ብሎ በእጁ ና አለኝ። እኔ አውራ ጣቴን ወደ ላይ አሳየሁት። በጠላቂ ቋንቋ ልውጣ ማለት ነው። ያን ቀን እሱም ምንም ሳይሆን ወጣ። ግን እሱ ምን ያህል አየር እንደቀረው እንኳ አላውቅም ነበር። ሕይወቴን ያስያዝኩት በማላውቀው ቁጥር ነው።

ሜሮን፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ዮናስ፦ በትክክል። ከዚያ በኋላ ነው ተመዝግቤ የተማርኩት። የምንማረው ሁሉ ከሞት የተገኘ ነው። ሼክ ኤክስሊ የሚባል የፍሎሪዳ ጠላቂ እንደ ፈረንጆቹ በ1979 ባሳተመው መመሪያ አደጋዎቹን አንድ በአንድ መርምሮ ሰዎቹ የሞቱበትን ምክንያት ለቅሞ አወጣ። እስከ ውጭ ድረስ የማይቋረጥ ገመድ አልዘረጉም፤ ለመመለሻ በቂ አየር አላስቀሩም፤ ከአቅም በላይ በጥልቀት ወርደዋል። ሥልጠናና መብራት በኋላ ተጨመሩ።

ሜሮን፦ እሱ ራሱ ግን በዋሻ አይደል የሞተው?

ዮናስ፦ በ1994 ሜክሲኮ ውስጥ፣ ሳካቶን በሚባል ውሃ የሞላው ጉድጓድ። ማንም ያልደረሰበት ጥልቀት ላይ ለመድረስ ሲሞክር ነበር። ለእኛ የተወልን ትምህርት ግን በየቀኑ ሰው እያወጣ ነው።

ሜሮን፦ የአየሩን ነገር አስረዳኝ፤ ሁልጊዜ ሲሶ ሲሶ ትላለህ።

ዮናስ፦ ያንን የድሮ አባባል ታውቂዋለሽ፣ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ። እኔ የማስታውሰው በዚያ ነው። ሲሶ ለመግቢያ፣ ሲሶ ለመውጫ፣ ሲሶ ለጓደኛዬ። የአየር ሲሊንደርሽ 210 ባር ይዟል እንበል፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። 70 ስትጨርሺ፣ 140 ላይ፣ የትም ብትሆኚ ትመለሻለሽ። ምንም ያማረ ነገር ፊትሽ ቢኖር።

ሜሮን፦ 140 ቀርቶኝ? ብዙ አይደለም?

ዮናስ፦ አሁን አስቢው። እኔና አንቺ የመጨረሻዋ ቦታ ላይ ነን፣ ሁለታችንም 140 አለን። የእኔ ሬጉሌተር፣ አፌ ላይ ይዤ አየር የምስብበት መሣሪያ፣ ተበላሸና አየሬ በሙሉ አለቀ። አንቺ ትርፍ የያዝሽውን ሬጉሌተር ትሰጪኛለሽ፤ አሁን በአንቺ 140 ሁለት ሰው ይተነፍሳል። ለእያንዳንዳችን ስንት ደረሰ?

ሜሮን፦ ሰባ ሰባ።

ዮናስ፦ ስንገባ የጨረስነው ስንት ነበር?

ሜሮን፦ ...ሰባ። ኧረ! ታዲያ ምንም ትርፍ የለውም እኮ።

ዮናስ፦ ምንም። የደነገጠ ሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነው የሚተነፍሰው። ገመድ ስንፈልግ ሁለት ደቂቃ ብናባክን አለቀልን። ስለዚህ ሲሶ ጣሪያው ነው፤ እኔ የማከብራቸው ጠላቂዎች ከዚያ በፊት ይመለሳሉ። ጂኒ ላይ ውሃው ወደ ውጭ ስለሚገፋ መውጣቱ ይቀላል። ስትገቢ ድንጋይ በጣትሽ እየያዝሽ፣ እየሳብሽ ነው የምትገቢው፤ ስትወጪ ውሃው ይሸከምሻል። ግን ያንን እንደ አየር መቁጠር የለብሽም። ሳንታ ፌ በጣም ሲሞላ ቡናማው ውሃ ምንጮቹን ይደፍናቸዋል፤ የሚፈስበት አቅጣጫ እንኳ ሊገለበጥ ይችላል።

ሜሮን፦ ገመዱስ?

ዮናስ፦ ዋናው መንገድ ላይ ቋሚ ገመድ አለ፣ ቀለሙ ወርቅማ ነው። በሩ አካባቢ ግን ሆን ተብሎ አይደርስም፤ ያልሠለጠነ ሰው እንዳይከተለው። እኛ የራሳችንን ክር ከብርሃኑ ጀምረን ዘርግተን እዚያ ላይ እናስረዋለን። ገመዱ ላይ ቀስቶች አሉ፣ ጫፋቸው ቅርብ ወዳለው መውጫ ያመለክታል። ፕላስቲክ ናቸው፣ ለዓይን ብቻ አይደሉም። ሥልጠናው ላይ ማስካችንን ሸፍነውብን አውራ ጣቴንና ጠቋሚ ጣቴን ቀለበት አድርጌ ገመዱን ከበብኩት፣ ሳልጨብጠው። በሌላው እጄ የጓደኛዬን ክንድ ይዣለሁ። እየሄድን ጣቴ ቀስት ነካ። ቆምኩና ዳሰስኩት፤ የሾለው ጫፍ በየት በኩል ነው? ወደምንሄድበት ነበር። የጓደኛዬን ክንድ ወደ ፊት ገፋ አደረግሁት፤ ሂድ ማለት ነው። ሜሪ፣ በሕይወቴ እንደዚያች ፕላስቲክ የተማመንኩበት ነገር ትንሽ ነው።

ሜሮን፦ ያን ጊዜ ጨለማው በማስክ ነው። እውነተኛውስ?

ዮናስ፦ ደለል ነው። አንድ የተሳሳተ የእግር ምት ታች ያለውን ጭቃ ያነሳዋል፣ የያዝሽው ባትሪ ወተት ውስጥ እንደበራ ይሆናል። ለዚህ ነው እግራችንን እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን የምንመታው፤ ወደ ታች አንመታም። ሦስት መብራት እንይዛለን። ሦስቱም ቢጠፉ ግን ገመዱ አለ።

ሜሮን፦ ታይላንድ ዋሻ ውስጥ ልጆቹ የተያዙ ጊዜ በቴሌቪዥን የምናየው ገመድ ማለት ነው።

ዮናስ፦ እሱ ነው። በ2018 ዓሥራ ሁለቱ ልጆችና አሠልጣኛቸው። ጠላቂዎቹ ገመድ እየዘረጉ ነው የደረሱባቸው። ከጠላቂዎቹ አንዱ ሳማን ኩናን የሞተው ለእነሱ ሲሊንደር አድርሶ ሲመለስ ነው። ዜናው "ልጆቹ ተገኙ" ሲል ሁላችንም አልቅሰናል፤ እኔ ግን አሁን አሁን ሳስበው እያንዳንዷ ሜትር ስንት ልፋት እንደነበረች ይገባኛል።

ሜሮን፦ እኔ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሶፍ ዑመር በስማቸው የሚጠራው የሼኹ ቦታ ነው፣ ሰው በክብር ነው የሚገባው። እዚህ ያን ያህል ሕዝብ ሲመላለስ ምንጩ አይጎዳም?

ዮናስ፦ ይጎዳል። ጣት የሚነካው ድንጋይ ይለሰልሳል፣ ይሰበራል። ከዚያ የሚበልጠው ግን ከላይ የሚመጣው ነው። እርሻ ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ ናይትሬቱ በዚያው ስንጥቅ ይወርዳል፣ ከዚያ በምንጩ ይወጣል። አሸዋው ነጭ የነበረበት ቦታ አረንጓዴ አልጌ ለብሷል። ዋሻ ውስጥ ያለነው እኛ ውሃው ከማን ማሳ ስር እንደሚያልፍ በዓይናችን እናያለን፤ መናገር ያለብንም እኛ ነን ብዬ አምናለሁ።

ሜሮን፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ስትወጣ ምን ይታይሃል?

ዮናስ፦ የሰይጣን ጆሮ የሚከፈተው ወንዙ ጠርዝ ላይ ነው። የወንዙ ውሃ ከቅጠልና ከሥር የተነሳ ሻይ መልክ አለው። ከታች ቀና ስትዪ ጥርት ያለው የምንጭ ውሃ ሽቅብ እየወጣ ከሻዩ ጋር ሲቀላቀል ታያለሽ፣ ፀሐይ ከላይ ሲመታው ብርቱካንማ ይሆናል፤ ጥምቀት ዋዜማ ድንኳን ውስጥ ሆነሽ ችቦ ከውጭ ሲበራ እንደምታዪው። በጥልቀቱ ግፊት ሰውነታችን ውስጥ የገባው ጋዝ ቀስ ብሎ እንዲወጣ እዚያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ እንቆያለን። ቀና ብዬ ሳየው አየሬን መቁጠር አላቆምም፣ ግን እጄ ግድግዳውን ይዞ ዝም እላለሁ።

ሜሮን፦ እኔ መጥለቅ አልችልም፤ ከላይ ሆኜ ላየው ግን እፈልጋለሁ።

ዮናስ፦ ማስክና ስኖርክል፣ የመተንፈሻ ቱቦ፣ ይበቃሻል። ከዚህ ከአትላንታ አምስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፣ በአይ 75 ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ። ቅዳሜና እሑድ ሰው ይበዛል፤ ማክሰኞ እንሂድ።

ሜሮን፦ ማክሰኞ ሥራ አለኝ። ረቡዕ።

ዮናስ፦ ረቡዕ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ በርሽ ላይ ነኝ።