ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በፍላሽ የሚወርድ ኢሜጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደሴ ነኝ። የማወራችሁ ስለ ኮንቴይነር ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስለሚራገፈው የብረት ሣጥን አይደለም፤ የድረ ገጽ መተግበሪያን ከሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች ጋር ጠቅልለን ሰርቨር ላይ ስለምንጭንበት ነው።

ኮንቴይነር ስለሚያዘጋጀውና ስለሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ስለ ዶከር፣ በተነሣ ቁጥር አንድ ተስፋ ይደጋገማል፤ እዚህ ከሠራ እዚያም ይሠራል ይባላል። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ኢሜጁ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ የሚነሣበት የታሸገው ጥቅል፣ ያስገባንበትን ሁሉ በታማኝነት ይዞ ይሄዳል። ከኮምፒውተራችን ጋር ተላምደን መኖሩን የረሳነውን ነገር ግን ትቶት ይሄዳል።

ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ እህል መጋዘን ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን መተግበሪያ የምሠራው እኔ ነኝ። ሰርቨሩ ሚዛኑ አጠገብ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ኢንተርኔት ተቋረጠ ተብሎ የጫነ መኪና ሳይመዘን አይቆምምና እዚያው መሆኑ ግድ ነው። እንዲህ ላለ ማሽን ኮንቴይነር ይስማማዋል። የየራሱን ስርዓተ ክወና እንደሚያስነሣ ምናባዊ ማሽን አይከብድም፤ ኮንቴይነሮቹ ሁሉ የሚጠቀሙት የአንዱን ሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ነው። ሐሳቡም ትናንት የመጣ አይደለም። ዩኒክስ አንድን ፕሮግራም በአንድ ማውጫ ውስጥ ብቻ የሚገድብበትን ትእዛዝ ያገኘው በ1979 ነው፤ ዶከር ለሕዝብ የታየው በ2013፤ ሁለቱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር።

አሁን ወደ ተረሱት ነገሮች ልምጣ። የመጀመሪያው ፊደላችን ነው። መተግበሪያው የርክክብ ደረሰኝ በፒዲኤፍ ያዘጋጃል። እኔ ኮምፒውተር ላይ «ጤፍ»፣ «ማሽላ»፣ «ማሾ» አምሮ ይወጣል። ኮንቴይነሩ ውስጥ ሲዘጋጅ ግን የእህሉ ስም የነበረበት ቦታ በባዶ አራት ማዕዘኖች ይሞላል። የራሳችንን ኢሜጅ የምንገነባባቸው ቀጫጭን መነሻ ኢሜጆች የግእዝ ፎንት አይዙም፤ ብዙዎቹ ጭራሽ ምንም ፎንት የላቸውም። ስለዚህ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን የተባሉ የግእዝ ፎንቶችን በዶከርፋይሉ፣ ማለትም ኢሜጁ የሚሠራበት የትእዛዝ ዝርዝር፣ ላይ ጽፎ ማስገባት ነው። በላቲን ፊደል የተጻፉ መመሪያዎች ይህን አይነግሩንም፤ ሊነግሩን አይገባምም፤ ችግሩ የእኛ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ ይህኛው ደግሞ ያስቃል። ካልነገሩት በቀር ኮንቴይነር የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድመዋለን። የመጋዘኗ ሒሳብ ሠራተኛ ጠርተውኝ «ልጄ፣ ጠዋት በ2 ሰዓት ያስገባሁትን ጤፍ ይህ ማሽንህ በ5 ሰዓት ነው ይለኛል፤ እኔን ዘግይታ ገባች ሊያሰኘኝ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ማለት በፈረንጅ 8 ሰዓት ነው፤ ከእሱ ላይ 3 ሲቀነስ 5 ይሆናል። ማሽኑ ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ በእኛ አቆጣጠር ለሚያነበው ሰው በ3 ሰዓት የቀደመ ይመስላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የተራገፈ ጭነት በትናንትናው ቀን ይመዘገባል። የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ ብሎ ማስገባት አንድ መስመር ብቻ ይበቃዋል፤ «እትዬ፣ ተስተካክሏል» ለማለት ግን እሳቸው ራሳቸው ማየት ነበረባቸው።

መጠንም አለ። የተሟላው የፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋው) መነሻ ኢሜጅ ሲዘረጋ 1 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ቀጭኑ ከ200 ሜጋባይት በታች ይሆናል። ኢንተርኔት ባለበት ቀን ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው። ኢሜጅ በንብርብር ስለሚሠራ፣ የላይብረሪዎቹ (ኮዱ የሚጠቀምባቸው ዝግጁ ፕሮግራሞች) ዝርዝር አስቀድሞ ገብቶ ኮዱ በመጨረሻ ከተቀዳ፣ አንድ መስመር ኮድ ስቀይር የሚጓዘው የመጨረሻው ንብርብር ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን ላይብረሪው ሁሉ እንደገና ተጭኖ እንደገና ይላካል። ኔትወርክ በሌለበት ቀን ይህ ብልሃት አይረዳም፤ ኢሜጁን በሙሉ ወደ አንድ ፋይል አስቀምጬ፣ በፍላሽ ይዤ ሚኒባስ ተሳፍሬ እወርዳለሁ። ያን ጊዜ የሚቆጠረው ጠቅላላ ክብደቱ ነው። ሁለቱን መንገድ ያየ ሰው ዶከርፋይል ሲጽፍ እጁ ይቆጠባል፤ ፈጣን መስመር ያለው ግን ለምን ይጨነቃል?

መብራት ሲጠፋና ሲመለስ ኮንቴይነሩ ራሱ እንዲነሣ ማዘዝ ቀላል ነው። የመረጃ ቋቱ ከኮንቴይነሩ ውጭ በቮልዩም፣ ማለትም በሰርቨሩ ዲስክ ላይ በተለየ ቦታ፣ መቀመጥ አለበት፤ ኮንቴይነር ሲሰረዝ ውስጡ የተጻፈው አብሮት ይሰረዛል። ቮልዩሙም ቢሆን ያለው በዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ፣ ፍላሿ ወደ ደሴ ባዶዋን አትመለስም፤ የመረጃ ቋቱን ቅጂ ይዛ ትወጣለች።

«ኩበርኔቲስስ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። በብዙ ማሽኖች ላይ የተበተኑ ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር ትልቅ ሥራ ነው፤ አከብረዋለሁ። ጠረጴዛው ሥር ግን ያለው ማሽን አንድ ነው፤ እሱ ሲቃጠል ሥራውን የሚረከበው ከሌለ ኩበርኔቲስ ምኑን ያስተዳድራል? ሁለተኛ ኮምፒውተር ይገዙ እንደሆነ የመጋዘኑን ባለቤት ጠይቄአቸዋለሁ፤ «ከመኸር በኋላ እናየዋለን» ብለውኛል።