ቡናው ይስከን

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ! በእሁድ እረፍታችሁ እዚ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለው፣ ግማሻችሁ ከናይት ሺፍት ቀጥታ እንደመጣችሁ አይናችሁ ላይ ያስታውቃል።

ስልኬ ላይ ሁለት ሰዓት ነው ያለው፣ አንዱ የዚ አንዱ ያዲስ አበባ። የብዙዎቻችሁም እንደዛ መሰለኝ። ታክሲ ስነዳ እጄ መሪው ላይ ነው፣ ልቤ ግን ሰባት ስምንት ሰዓት ቀድሞ ነው ሚውለው፣ ይሄኔ እማዬ ተነስታለች፣ ይሄኔ ከቤተክርስቲያን ተመልሳለች፣ ብሩ ደርሷት ይሆን፣ የቤቱ መሰረት ወጥቶ ይሆን... ሰው አድርሼ የት እንዳወረድኩት ማላስታውስበት ቀን ነበረ። አገሬ ስገባ ያኔ እኖራለው እያልኩ።

ገባሁ ደግሞ። ከ9 አመት በኋላ ለሶስት ሳምንት። በሁለተኛው ቀን እማዬ ቄጠማ ጎዝጉዛ ቡና ልታፈላ ተቀመጠች፣ እኔም ለትዝታ ይሆነኛል ብዬ ስልኬን አውጥቼ መቅረፅ ጀመርኩ። ቪዲዮውን ያየሁት ግን እዚ ከተመለስኩ በኋላ ነው፣ አንድ ማታ ኤርፖርት ተራ እየጠበኩ። እማዬ የተቆላውን ቡና ይዛ ወደኔ መጣች፣ ጭሱን በእጇ ወደኔ እየገፋች "ሽታው እንዴት ነው ልጄ?" አለችኝ። መልስ የለም። ደገመችልኝ። አሁንም የለም። የኔ ድምፅ ሚሰማው "እማዬ ትንሽ ወደ ብርሃኑ ዞር በይ" ሲል ነው። ዞር አለችልኝ። ቪዲዮው ጥርት ያለ ነው፣ ሽታውን ግን ላስታውሰው አልቻልኩም፣ ምክንያቱም እዛው ፊቷ ቁጭ ብዬ አላሸተትኩትም።

በጣም ነው ያመመኝ።

ይሄ የኔ ብቻ በሽታ አይደለም። ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት የሚባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2010 ያወጡት ጥናት አለ፣ 2,250 ሰዎችን ቀን በቀን በስልካቸው ላይ አሁን ምን እየሰራህ ነው፣ ምን እያሰብክ ነው፣ ደስታህስ እንዴት ነው እያሉ ጠየቋቸው። ሰዎቹ 46.9 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው ሚያስቡት፣ ሃሳባቸው ሲሄድ ደግሞ ደስታቸው ይቀንሳል። እኔን ያስገረመኝ፣ ጥሩ ነገር እያሰቡ ቢሄዱም እዛው ስራቸው ላይ ካሉት የበለጠ ደስተኛ አለመሆናቸው ነው። አገር ቤት የምሰራውን ቤት እያለምኩ በነዳሁባቸው ሌሊቶች እንኳን አላተረፍኩም ማለት ነው።

እዛ ቪዲዮ ላይ ሌላም ነገር አለ። "ደረሰ አይደል?" ብዬ ሳስቸኩላት እማዬ ጀበናውን ማቶቱ ላይ ጋደም አድርጋ "ቆይ፣ ይስከን" ትለኛለች። ሳይሰክን ከቀዳችሁት እኮ አተላው ነው ሲኒው ውስጥ ሚገባው። ሰውንም ሰከን በል ነው ምንለው፣ ያው አንድ ቃል ነው፣ እኔ ግን ለቡና ካልሆነ ለራሴ ተጠቅሜበት አላውቅም ነበር።

መስከን ማለት ስለነገ አለማሰብ አይደለም። ኪራይ አለ፣ የልጅ ትምህርት አለ፣ እነሱን ቁጭ ብላችሁ አስቡባቸው፣ ጊዜ ስጧቸው። ልጃችሁ ስታወራችሁ ግን ኪራይ እያሰባችሁ "እእ፣ እእ" አትበሏት። ጆን ካባት-ዚን የሚባል ሰው በ1979 ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ትምህርት ቤት በጀመረው፣ ሃሳብን አሁን ላይ የማሳረፍ ስልጠና ላይ ለህመምተኞች አንዲት ዘቢብ ሰጥቶ አይታችሁ፣ ዳስሳችሁ፣ አሽታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ብሏት ይላቸው ነበር። ስሰማው እማዬ ናት የመጣችብኝ፣ ጭሱን ወደኔ ስትገፋ።

አሁን ማደርገው ትንሽ ነገር ነው። ቀይ መብራት ሲይዘኝ ስልክ አላነሳም፣ የመሪውን ሙቀት በእጄ እየተሰማኝ እተነፍሳለው። ሃሳቤ ይሄዳል፣ መልሼ አመጣዋለው፣ ደግሞ ይሄዳል፣ ደግሞ አመጣዋለው። እማዬ ጋ ምደውለው መኪናዬን አቁሜ ነው፣ እየነዳሁ አይደለም። ባለፈው እሁድ እያወራን ከኋላ የሙቀጫ ድምፅ ሰማሁ። "እየወቀጥሽ ነው እንዴ?" ስላት "ሰማኸው?" ብላ ሳቀች፣ ስልኩን ሙቀጫው አጠገብ አስቀመጠችልኝ፣ እስክትጨርስ ሁለታችንም ምንም አላወራንም።

እዚም ከኋላ እየተቆላ ነው፣ ሸቷችኋል መቼም። አሁን ይዘውላችሁ ይዞራሉ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ጭሱን ሳቡት፣ እንዴት ነው ሲሏችሁም መልሱላቸው። በረካው ሳይጠጣ ማንም አይነሳም። አመሰግናለው።