የዞረው ሚዛን

እንዴት ናችሁ ወዳጆቼ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ጣና ዳር ቁጭ ብያለሁ፤ ነፋሱ ማይኩ ውስጥ ከገባ ይቅርታ።

እንደምታውቁት ሲታተሙ የተሳሳቱ ሳንቲሞችን እሰበስባለሁ። እጄ ላይ ባለ አንድ ብር ሳንቲም አለ። ባለፈው ሳምንት የባጃጅ ሹፌር መልስ ብሎ የሰጠኝ ነው። በአንዱ ፊት የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ሚዛን። አንበሳውን ቀጥ አድርጌ ይዤ ከላይ ወደ ታች ገለበጥኩት። ሚዛኑ ተጋድሟል። ኪሴ ውስጥ የነበሩትን ሌሎች አምስት ሳንቲሞች በዚያው አያያዝ ገለበጥኳቸው። አምስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የዞረው የዚህ ብቻ ነው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ሳንቲም የሚሠራው ባዶ ክብ ብረት በሁለት የተቀረጹ ማተሚያዎች መሃል ገብቶ በኃይል ሲመታ ነው። አንዱ ማተሚያ ላልቶ ከዞረ ምስሉም ዞሮ ይወጣል። ብረቱ መሃል ላይ ካልተቀመጠ ምስሉ ወደ ጎን ይሸሽና እንደ ጨረቃ ያለ ባዶ ቦታ ይቀራል። ማተሚያው ከተሰነጠቀ ደግሞ ስንጥቁ ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። ከፍ ያለ ማለቴን ልብ በሉልኝ። መስመሩ የጎደጎደ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ከታተመ በኋላ የተጫረ ነው።

ይህን የተማርኩት በአንዲት አሥር ሳንቲም ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዝርዝር የሚሸጡ እናት አሉ፤ ሳንቲሞቹን አሥር አሥር አድርገው ይደረድሯቸዋል። «እማማ፣ አንድ በአንድ ልያቸው?» አልኳቸው። «እይ ልጄ፣ ብቻ ድርድሩን አታፍርስብኝ» አሉኝ። ላይዋ ያለው የደጋ አጋዘን ምስል ጎኑ የተቆረጠ አንዲት አገኘሁ። አንድ ወር ሙሉ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኳት። በኋላ በማጉያ መነጽር ሳያት ጠርዟ ላይ የሞረድ ጭረት አለ። ለካ ሰው ሞርዷት ነው። ያን ቀን በጣም አዘንኩ፤ ግን አልጣልኳትም፣ አሁንም ለማነጻጸሪያ አወጣታለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ያገኛችሁትን በሎሚም በአመድም አትፈትጉ። የተፈተገ ሳንቲም ያብረቀርቃል እንጂ መልኩን ያጣል፤ ሰብሳቢም አይፈልገውም።

ስንት ያወጣል የምትሉኝ አላችሁ። እኔ አልሸጠውም። ያቺ አንዲት ምት እዚህ ብረት ላይ ቀርታለች፤ እሷን ነው የምወድደው።

ትናንት ሹፌሩን አገኘሁትና አሳየሁት። አንበሳውን ቀጥ አድርጎ ያዘ፣ ገለበጠ፣ ዝም አለ። ከዚያ የኪሱን ዝርዝር ሁሉ ወንበሩ ላይ ዘረገፈው።