ጭፈራን በአፍ ማስኬድ፦ የአየርላንዱ ሊልቲንግ

ሕሊና፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። የዛሬው ውይይታችን አይሪሾች ሊልቲንግ ስለሚሉት፣ የጭፈራ ዜማን ያለ መሣሪያና ያለ ግጥም በአፍ ብቻ ስለማዜም ጥበብ ነው። ዮናስ፣ ይህን ስልት ስትማር ቆይተሃልና ከመነሻው ብታስረዳን።

ዮናስ፦ አመሰግናለሁ፣ ሕሊና። በአይሪሽ ቋንቋ ፖርታራኽት ቬል ይባላል። በገጠር አየርላንድ ፊድልም (ቫዮሊን) ሆነ ኮንሰርቲና (በእጅ የሚሳብ፣ ትንሽ አኮርዲዮን መሰል መሣሪያ) በሌለበት ቤት ጎረቤት ለጭፈራ ሲሰበሰብ፣ ዜማውን በአፉ የሚያወጣ አንድ ሰው ከተገኘ ጭፈራው አይቀርም ነበር። ኖታ የማያነቡ ሙዚቀኞችም ዜማን እርስ በርስ የሚቀባበሉት በዚሁ መንገድ ነበር፤ ዛሬም ተማሪው መሣሪያውን ከማንሳቱ በፊት ዜማውን በአፉ እንዲይዝ የሚያደርጉ መምህራን አሉ፤ እኔም ትክክል ናቸው እላለሁ።

ሕሊና፦ ቃል ከሌለው ታዲያ አዚያሚው የመጣለትን ድምፅ ነው የሚያወጣው?

ዮናስ፦ ድምፆቹ ትርጉም ባይኖራቸውም ሥራ አላቸው። ጂግ የተባለውን የጭፈራ ዜማ ብንወስድ፣ በአንድ ባር፣ ማለትም በአንድ የምት ክፍል ውስጥ ስድስት አጫጭር ኖታዎች ሦስት ሦስት ሆነው ስለሚደረደሩ፣ «ዲደልዲ፣ ዲደልዲ» ስንል ጠንካራው ምት የሚያርፈው በየመጀመሪያዋ «ዲ» ላይ ነው፤ «ደል» ግን ልል ስለሆነች በቀላሉ ታልፋለች። ሪል የተባለው ሌላው የጭፈራ ዜማ ደግሞ «ዲደልዲደል» እያለ በአራት አራት ይሄዳል። ልጆች ልዩነቱን እንዲለዩ መምህራን ለጂግ «ራሸርስ ኤንድ ሶሴጅስ»፣ ለሪል «ደብል ዴከር» እያስባሉ ያለማምዷቸዋል፤ አንዱ የቁርስ ጥብስ፣ ሌላው ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ነው።

ሕሊና፦ እኔ ቀረጻዎቹን ሳዳምጥ ያስገረመኝ ትንፋሹ ነው። የት ላይ እንደሚተነፍሱ ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ ምቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ዮናስ፦ ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነው። አብዛኛው የጭፈራ ዜማ ስምንት ስምንት ባር ያላቸው ሁለት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል ሲደገም 32 ባር ይሞላል፣ ከዚያም ያለ ዕረፍት እንደገና ይጀምራል። ጨፋሪው እግሩን አንሥቶ የአዚያሚውን ትንፋሽ አይጠብቅም። ጀማሪ ግን አየር ሲያጥረው በኖታዎቹ መካከል ጊዜ ይጨምራል፣ ያን ጊዜም ምቱ ይሰበራል። መፍትሔው ጊዜ መጨመር ሳይሆን ኖታ መተው ነው፤ ከሁለተኛዋ «ዲደልዲ» መጨረሻዋን «ዲ» ትቶ፣ በእርሷ ቦታ ፈጠን ብሎ አየር መሳብ፣ ከዚያም የሚቀጥለውን ጠንካራ ምት በሰዓቱ መያዝ ያስፈልጋል። የመተንፈሻውን ቦታ በየዙሩ መቀያየር ደግሞ ዜማውን አዲስ መልክ ይሰጠዋል፤ ፍሉት ተጫዋቾችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሕሊና፦ ይህ ጥበብ በውድድር ደረጃም ቦታ አለው አይደል?

ዮናስ፦ አዎን፤ በ1951 እ.ኤ.አ. በማሊንጋር ከተማ የተጀመረው ፍላ ኪዮል የተባለው ታላቅ የባህል ሙዚቃ ውድድር ሊልቲንግን ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ ያወዳድራል። ይህም መሣሪያ ሲጠፋ ብቻ የሚታወስ ምትክ አለመሆኑን ያሳያል።

ሕሊና፦ ዛሬ መጀመር ለሚፈልግ አድማጭ ምን ትመክራለህ?

ዮናስ፦ አንድ ጂግ መርጦ ሳያዜም ደጋግሞ ያዳምጥ፤ ቀጥሎም በእግሩ ምቱን እየመታ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ በዝግታ ይበል። ዜማውን የሚያስጌጡትን ፈጣን ተጨማሪ ኖታዎች፣ እግሩና ምላሱ አብረው መሄድ እስኪችሉ ድረስ ያቆያቸው።